ለትንሿ ጀልባ የተመረጠላት ሞተር

ሐይቁ ዳር ቆሜ የጀልባ ሞተር ድምፅ ስሰማ እስከ ዛሬ ደስ አይለኝም። አሁን ሰው የሚያንሸራሽሩ ጀልባዎች ሞልተዋል፤ ወጣቶቹ ይሳፈራሉ፣ ይጮኻሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ። የእኔ ዓይን ግን የሚሄደው ወደ ጀልባዋ ጀርባ ነው። ሞተሩ ይመጥናታል? ጀርባዋ ውሃው ውስጥ ተቀምጧል ወይስ ቀና ብሏል? አንዱ ባለጀልባ፣ "እማማ፣ ሁልጊዜ ምን ያያሉ?" ብሎኛል። ምን ልለው? "ኧረ ምንም፣ ልጄ፤ በርታ" ብዬው አለፍኩ።

ነገሩ በደርግ ጊዜ ነው፤ ከተማዋንም ገና አዋሳ ነበር የምንላት። እኔ አሞራ ገደል በዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ውስጥ የቆሮሶ ቅርፊት የምፍቅ፣ የአምባዛ ቆዳ የምገፍ ሴት ነበርኩ። ታናሽ ወንድሜ ደግሞ የማኅበሩን ጀልባ ይነዳ ነበር። ታናሽ ወንድሜ ልበል እንጂ ልጄ ነው። እናታችን ስትሞት ገና ጡት አልጣለም ነበር፤ ከሶዶ በኩል ተነስተን አዋሳ እስክንገባ በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግሁት ነው። ጢም አውጥቶም፣ ፀጉሩ ሸብቶም "እትዬ" እያለ ነበር የሚጠራኝ። ሚስት አላገባም፣ ባሌም ጥሎኝ ከሄደ ቆይቶ ነበር፤ ታቦር ተራራ ሥር ባለችው አንድ ክፍል ቤት ሁለታችን እንኖር ነበር።

ፀጉሩ የሸበተው በዕድሜ አይደለም። ጀልባ ከመያዙ በፊት በአንድ የመንግሥት እርሻ ላይ ጥበቃ ነበር። አንድ ሌሊት የውሃ ፓምፕ ጠፋ። ማን እንደወሰደው እግዜር ይወቅ፤ እሱ ግን "የሕዝብ ንብረት አጥፍተሃል" ተብሎ እስር ቤት ገባ። ምግብ ይዤለት እመላለስ ነበር፤ አንዳንድ ቀን ሳህኑ እንደሞላ ይመለስልኛል። ሲፈታ ሌላ ሰው ሆኖ ወጣ። ድሮ ተጫዋች ነበር፣ ተረበኛ ነበር፤ ከዚያ በኋላ በር በተንኳኳ ቁጥር የሚነሳ ሰው ሆነ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ? ልክ እንደዚያ ነው። ከማኅበሩ የወሰዳትን አንዲት ገመድ እንኳ ማታ ሳይመልስ እንቅልፍ አይወስደውም ነበር።

ጀልባዋ በእርዳታ ከውጭ የመጣች የአሉሚኒየም ጀልባ ናት። ትንሽ ናት፤ ሁለት ሰውና ጥቂት ሣጥን ዓሣ ከያዘች "በቃኝ" የምትል። ሥራዋ ማዶ ያሉት አስጋሪዎች የያዙትን ዓሣ ፀሐይ ሳያበላሸው ሰብስባ ወደ እኛ ማምጣት ነበር። ከእሷ ጋር ሁለት ሞተር መጣ። አንዱ ባለ ስምንት የፈረስ ጉልበት፣ አንዱ ባለ ሃያ አምስት። ትልቁ የታሰበው ማኅበሩ ሊያሠራው ላለው ትልቅ የእንጨት ጀልባ ነው፤ ጀልባው ሳይመጣ ሞተሩ ቀድሞ መጣ። የእንጨቱ ጀልባ "ሊመጣ ነው፣ ሊመጣ ነው" ሲባል መንግሥቱ ራሱ ሄደ።

ከአዲስ አበባ አብሮ የመጣው መካኒክ ትንሹን ሞተር ገጠመና ወንድሜን ይዞት ወጣ፤ ዞረው ተመለሱ። ከጀልባዋ ጀርባ ላይ የተመታች አንዲት ቆርቆሮ ነበረች፤ እሷን በጣቱ እየነካ፣ "ይኸው እዚህ ተጽፏል፤ ለዚች ጀልባ ከአሥር በላይ እንዳታስቡ። ጉልበቱ ብቻ አይደለም፣ ክብደቱም ነው፤ ጀርባዋን ያወርደዋል" አለ። ሁላችንም ሰማን። ዓሣ የምንፍቀው ሴቶች ሳንቀር ሰማን። እሱም ሥራውን ጨርሶ በአውቶቡስ ሄደ።

ለትንሹ ሞተር ወዲያው ስም ወጣለት፤ "ጫጩቷ" አልናት። ቱክ ቱክ ቱክ እያለች ጠዋት ትወጣለች፣ ቀትር ሳይሆን ትመለሳለች። ቤንዚን በኩፖን በሚታደልበት ጊዜ እሷ የምትጠጣው ጥቂት ነበር። ወንድሜም እንደገና ሰው መምሰል ጀመረ። አንድ ቀን አምባዛ ስገፍ ከኋላዬ መጥቶ የዓሣውን ጢም አገጬ ላይ ለጥፎ፣ "እትዬ፣ አንቺ ሊቀመንበር ብትሆኚ ያምርብሽ ነበር" ሲለኝ ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። እኔ ግን ዞሬ አለቀስኩ። ከታሰረ ጀምሮ እንዲያ ሲቀልድ አልሰማሁትም ነበራ!

መስከረም መጣ፤ የአብዮት በዓል ደረሰ። ትልቅ እንግዳ ከአዲስ አበባ እንደሚመጣና ሐይቁ ላይ ትርዒት እንደሚታይ ተነገረ። ጀልባዋ ቀይ ቀለም ተቀባች። የቀባት ሰው ሲቀባ ያችንም ቆርቆሮ ደርቦ ቀባት፤ ጽሑፉ ጠፋ። ከዚያ ስብሰባ ተጠራ። ያኔ ነገር ሁሉ በስብሰባ ነው፤ የቢላ ሞረድ ለመግዛትም ስብሰባ ነው። ከአውራጃው የመጣው ካድሬ ተነሣና፣ "ጓዶች! ክቡር እንግዳችን ፊት እንደ ዳክዬ ልንንፏቀቅ ነው ወይ?" አለ። ሰው ሳቀ። "ባለ ሃያ አምስቱ ሣጥን ውስጥ ተኝቶ በባለ ስምንት የምንሠራው ለምንድን ነው? ለመሆኑ ከስምንትና ከሃያ አምስት የቱ ይበልጣል?"

አዳራሹ በሙሉ እንደ ተማሪ "ሃያ አምስት!" ብሎ ጮኸ።

ወይ ጉድ! የመካኒኩ ድምፅ ገና ከጆሯችን አልወጣም እኮ። አጠገቤ የተቀመጡት የሲዳማ ሽማግሌ አስጋሪ በቋንቋቸው አንድ ነገር አጉረመረሙ። "ምን አሉ አባባ?" አልኳቸው ቀስ ብዬ። "የበሬ ቀንበር ለፍየል፤ እሱን ነው ያልኩት" አሉኝና እጃቸውን እንደ ሌላው አወጡ። "ትንሹን የሚደግፍ?" ሲባል አንድ እጅ አልወጣም። ማን ያወጣል? ትንሹን የደገፈ ሰው ወደ ኋላ የሚጎትት ነው፣ ዕድገት የማይወድ ነው፣ ስሙ ይያዛል። "ትልቁን የሚደግፍ?" ሲባል አዳራሹ እጅ በእጅ ሆነ። የእኔ እጅ የዓሣ ደም ነበረበት፤ በቀሚሴ ጠቅልዬው ተቀመጥኩ። እሱንም ሳይቆጥሩ "በሙሉ ድምፅ" ብለው አወጁ።

በመጨረሻ ካድሬው ወደ ወንድሜ ዞረ። "አንተ ነህ የምትነዳው፤ ምን ትላለህ?"

ወንድሜ ቆቡን አውልቆ ቆመ። እኔ በልቤ፣ "በል ተናገር፣ መካኒኩ ያለውን ብቻ ድገመው፣ ሌላ ምንም አትበል" እላለሁ። እሱ መሬት መሬቱን አየና፣ "ሕዝቡ የወሰነውን እቀበላለሁ፣ ጓድ" አለ።

ካድሬው ደስ አለው። "ይህ ሞተር የሰፊው ሕዝብ ንብረት ነው። ከነፍስህ አስበልጠህ ትጠብቀዋለህ!" አለው። ወንድሜም "እጠብቃለሁ" አለ፤ ተጨበጨበ።

ማታ ቤት ስንገባ አላስቀምጠው አልኩ። "አፍህን ምን ቆለፈው? ጨው ለራስህ ብለህ ጣፍጥ አሉ! ውሃው ላይ የምትወጣው አንተ ነህ ወይስ ካድሬው?" ብዬ ጮኽኩበት። እሱ በርጩማው ላይ ተቀምጦ ጫማውን ሲፈታ ቆየና፣ "እትዬ፣ ቀስ በይ፤ ጎረቤት አለ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም" አለኝ። "ዝንብ አይገባም፣ ውሃ ግን ይገባል!" አልኩት ተናድጄ። ሟርት አልነበረም፤ ንዴት ነው። ተነሥቶ መብራቱን ቀነስ አደረገው።

በነጋታው ወፍራሙ ተገጠመ። ወፍራሙ ያሉት ሴቶቹ ናቸው፤ ወንዶቹ ለሦስት ነው የተሸከሙት። ጀልባዋ ጀርባ ላይ ሲያስቀምጡት አፍንጫዋ ወደ ላይ ተነሣ፣ ጀርባዋ ወደ ታች ወረደ፤ ከውሃው እስከ አፏ የቀረው አንድ ስንዝር አይሞላም። ወንድሜ ወደ እኔ ሲያይ ፊቴ ጠቁሯል መሰለኝ፣ "ነይማ፣ አንድ ነገር ላሳይሽ" ብሎ ጠራኝ። ሞተሩ ጀልባዋን የሚጨብጠው በሁለት ብሎን ነው፤ መፍቻ አይፈልጉም፣ እንደ ቧንቧ በእጅ የሚዞሩ ናቸው። "አየሽ? ይሄንና ይሄን ከፈታሁ ሞተሩ ወደ ውሃው ይወድቃል። ያኔ ጀርባዋ ብድግ ይላል፤ ሞተር የሌላት ጀልባ ደግሞ እንደ ቅል ናት፣ አትሰጥምም። ነፋስ ቢይዘኝ ማድረግ ያለብኝ ይኼው ነው፤ መካኒኩ አሳይቶኛል።"

"ታደርገዋለህ?" አልኩት።

ሳቅ አለ። "ታዲያ! ነፍሴን ከብረት ላሳንስ?"

"ማልልኝ" አልኩት። እኛ ቤት መሐላ አይወደድም፤ ጸሎት ቤታችን ይታሸግ እንጂ ሃይማኖታችን አልታሸገም። ቢሆንም አስማልኩት። "ከራስ በላይ ነፋስ ነው፤ እኔን ይጠይቁኝ፣ እኔን ይሰሩኝ፣ ብቻ ጣለው" አልኩት። "እሺ እትዬ፣ በእናታችን አፈር" አለኝ። ለዚያ ቀን በቃኝ።

በዓሉ አማረ፤ የሚዋሽ ምን አለ? ጀልባዋ ባንዲራ አስራ አፍንጫዋን ሰቅላ በውሃው ላይ በረረች። እንግዳው አጨበጨበ፣ ካድሬው ደረቱን ነፋ። ወንድሜ ሲወርድ ፊቱን በፎጣ ጠረገ። እኔም "አሁንስ ወፍራሙ ወደ ሣጥኑ ይመለሳል" ብዬ ደስ አለኝ።

አልተመለሰም። ከፍ ለማድረግ ስብሰባ የሚጠራ ሞልቷል፤ ዝቅ ለማድረግ ስብሰባ የሚጠራ ግን አልነበረም። ሽማግሌው አንድ ቀን የማኅበሩን ሊቀመንበር ብቻውን ይዘው "ጫጩቷ ትመለስ" ቢሉት፣ "በሙሉ ድምፅ የተወሰነ ነገር እኔ ብቻዬን እንዴት አፈርሳለሁ?" አላቸው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ እሱም ፈሪ ነው። ጫጩቷ ግምጃ ቤት ጆንያ ለብሳ ተቀመጠች። ወፍራሙ ደግሞ ቤንዚን እንደ ውሃ ይጠጣል፤ የሳምንቱ ኩፖን ማክሰኞ ሳይሞላ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ወንድሜ ያንን ሁሉ ብረት ጀርባው ላይ ተሸክሞ በመቅዘፊያ ነው የሚመጣው። ማታ መዳፉን ቅቤ እቀባለት ነበር፤ ቆዳው ተልጦ ሥጋው ይታያል። ስናደድ፣ "ተይ እትዬ፣ ያልፋል" ይለኛል። ቀልዱ ግን ዳግመኛ ጠፋ።

የሞተሩን ነገር ደግሞ እንደ ሕፃን ያዘው። ማለዳ ሳይወጣ ይወለውለዋል፣ ግሪስ ይቀባዋል፤ ማታ ሲመለስ ጨርቅ ያለብሰዋል። ዝናብ ሲጥል ካፖርቱን አውልቆ ሞተሩን አልብሶ እሱ በሸሚዝ ሲመጣ አይቼው፣ "ኧረ አንተ ሰው! ብረት ጉንፋን ይይዘዋል?" ብዬ ብቀልድ፣ "አንድ ነገር ቢሆን እኔን ነው የሚጠይቁት" አለኝ። አልሳቀም።

አዋሳ ሐይቅን የሚያውቅ ሰው የከሰዓቱን ነፋስ ያውቃል። ጠዋት መስተዋት የመሰለው ውሃ ከቀትር በኋላ ይነሳል። አስጋሪ ሁሉ ከዚያ በፊት ይገባል፤ ጫጩቷ በነበረች ጊዜ ወንድሜም ይገባ ነበር። በዚያ ቀን፣ በልግ ሊገባ ሲል ነው፣ ዓሣው ማዶ በዝቶ ነበር አሉ። ሣጥኖቹን ሞልቶ ሲመለስ ቤንዚኑ መሐል ላይ አለቀ። የእንጨት ጀልባዎቹ አንድ በአንድ ገቡ፤ እኔ ቢላዬን እንደያዝኩ ውሃው ዳር ቆሜያለሁ። ነፋሱ ነጠላዬን ከራሴ ላይ ይገፈዋል። መጨረሻ የገቡት ሽማግሌው ናቸው። "አባባ፣ ወንድሜን አላዩትም?" አልኳቸው።

 ከጀልባቸው ወርደው እጄን ያዙ። "ከሩቅ አየሁት፤ ይቀዝፋል። ማዕበሉ በጀርባዋ በኩል ይገባባታል። መቅዘፊያውን ጥሎ ወደ ሞተሩ ጎንበስ ሲል አየሁት፤ ሊያስነሣው መሰለኝ። ከዚያ ውሃው መጣ። ውሃው ሲወርድ ሰው የለም" አሉኝ።

የጮኽኩትን ጩኸት አላስታውስም፤ ጉዱማሌ ሜዳ ድረስ ተሰማ ይላሉ። ወንዶቹ ተመልሰው ወጡ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ጀልባዋን እየጎተቱ አመጧት፤ ሞተሩ ጀርባዋን ወደ ታች ይዞት ቀዩ አፍንጫዋ ብቻ ከውሃው በላይ ቆሞ ነበር አሉ። ወንድሜ የለም። ሊቀመንበሩ እየሮጠ መጣ። ከአፉ የወጣው የመጀመሪያው ቃል "ሞተሩስ?" ነው። "ሞተሩ አለ" አሉት። "ተመስገን!" አለ፤ ፈጣሪ የለም ሲለን የሚውለው ሰው። እኔ ቆሜ ነው የምሰማው። ቢላው እጄ ላይ ነበር፤ ሽማግሌው ቀስ ብለው ከጣቶቼ አላቀቁት።

ጀልባዋን አሸዋው ላይ ሲገለብጧት ወደ ጀርባዋ ሄድኩ። ማንም ልብ አላለውም፤ እኔ ግን ሌላ ነገር አልታየኝም። ከሁለቱ ብሎኖች የግራው ተፈትቷል፤ እስከ ጫፉ ወጥቶ ተንጠልጥሏል። የቀኙ እንደነበረ ነው። ሽማግሌው ያየሁትን አዩ። "አየሽ? ሊጥለው ነበር። ሁለተኛው ዝጎ ነክሶበት ነው፣ እምቢ ብሎት ነው። ማዕበሉ ጊዜ አልሰጠውም" አሉኝ። እኔም ይህን ቃላቸውን ያዝኩት። እውነት ነው፣ ምሏል፣ በእናታችን አፈር ምሏል፤ ጀምሮታል፣ ብሎኑ ነው እምቢ ያለው። ሬሳው ሁለት ቀን ቆይቶ ከሸምበቆ ውስጥ እስኪገኝ፣ ቀብረን እስክንመለስ፣ ጸሎት ቤት ታሽጎ ቤት ውስጥ በሹክሹክታ መዝሙር ስንዘምርለት የያዘኝ እሱ ብቻ ነው። ሰው ሲያጽናናኝ እኔ በልቤ፣ "ብሎኑ ነው፣ ብሎኑ ነው" እላለሁ።

ከሐዘኑ በኋላ ስብሰባ ተጠራ። ለወንድሜ ተነሥተን ቆምን። ከዚያ ካድሬው ሪፖርት አቀረበ፤ አደጋው የሚያሳዝን ቢሆንም የሕዝብ ንብረት በሙሉ መትረፉን፣ ወንድሜም አደራውን እስከ መጨረሻው መወጣቱን ተናገረ። ተጨበጨበ። ጫጩቷም እንድትመለስ ተወሰነ፤ በሙሉ ድምፅ። "አስተያየት ያለው?" ሲል ተነሣሁ። "አሁን ከስምንትና ከሃያ አምስት የቱ በለጠ?" አልኩት።  ካድሬው ወረቀቱን አገላበጠና፣ "ጓዲት ሐዘን ላይ ናቸው፤ እናልፈዋለን" አለ። አለፉት።

በማግሥቱ ግምጃ ቤት ጠባቂው ወፍራሙን ሊያወርድ ጀልባዋ ዘንድ መጣ። እኔ ዓሣ እየፋቅሁ ነበር፤ ቢላዬን አስቀምጬ ተነሣሁ። የግራውን ብሎን አየው፣ እንደተፈታ ነው። የቀኙን ለመፍታት መዶሻና ዘይት ይዞ ጎንበስ አለ። "ተወው፣ እኔ ልሞክረው" አልኩት። "እትዬ፣ ዝጓል፤ ውሃ ውስጥ ነበር፣ እጅሽን ይጎዳሻል" አለኝ። "ተወው አልኩህ!"

እጄን በቀሚሴ ጠረግሁ። ብሎኑን ስይዘው አሙለጨለጨኝ፤ ወንድሜ የቀባው ግሪስ ገና ላዩ ላይ ነበር። ባለ በሌለ ኃይሌ ልታገለው ጥርሴን ነከስኩ። በሁለት ጣቴ ገፋ ሳደርገው እንደ ቧንቧ ዞረ። ደግሜ አዞርኩት፤ ዞረ። ጠባቂው "እንዴ፣ ደህና ነው እኮ!" ብሎ ደስ አለው።

አሸዋው ላይ ተቀመጥኩ። ወንድሜ አንዱን ፈታ፤ ሁለተኛው ላይ እጁን አሳረፈ፤ እዚያ ላይ ያ እስር ቤት ትዝ አለው። ምነው ዝጎ በነበረ።